የስፖንጅ ቁራጭ

ከሰበታ ወዲያ፣ ተፍኪ ሳይደረስ፣
በሽምብራው ራስ ላይ ነፋስ ሲመላለስ፣
አንዲት ጋራዥ አለችኝ፣ ቆርቆሮ ግድግዳ፣
ጀርባዋ ለአስፋልቱ፣ ፊቷ ለሜዳ።
ትራክተር ይታመማል፣ እኔ አስታምማለሁ፤
የፓምፑን ሳል ሰምቼ ሕመሙን አውቃለሁ፤
ክላቹ ሲያቃስት፣ ፍሬኑ ሲያለቅስ፣ የቱ ጋ እንደሆነ እነግርሃለሁ።
የሰው ትንፋሽ ግን፣ እሱን የት ተማርኩት?

ኅዳር ገብቶ ነበር፣ ሽምብራው ሲያፈራ፣
ትሉም ከባለቤቱ ቀድሞ ሲሰማራ፤
ነገዎ መጣ፣ የማኅበሩ ሾፌር፣
መርጫውን ከኋላ አስሮ፣ ክንፉን እንዳጠፈ አሞራ።
ነገዎን ማን አያውቅም? ገመድ የተወጠረ ይመስል
ተርታው የማይዛነፍ፤
ሲነዳ የሚያፏጭ፣ ሲያቆም ዝም የሚል።
«ካቢኑ ይሸተኛል» አለኝ፣ «እንደ ነጭ ሽንኩርት።
መስኮቱን እዘጋለሁ። በሩን እዘጋለሁ። ከየት ነው?»

ከጣሪያው ሥር ክዳኗን ፈታሁ፤
አቧራ የሚይዝ ወረቀት አገኘሁ።
አቧራ ይይዛል። ትነት ግን አቧራ አይደለም፣
በወንፊት አይያዝም፤
ከሰል ይፈልጋል፣ የደቀቀ፣ የታመቀ፣
መርዙን ምጎ የሚያስቀር።
መርካቶ ደወልን። ሰውዬው ዋጋውን ሲጠራ
ነገዎ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ።
ገንዘብ ያዡ ጋሽ ገመዳ አልሳቁም፦
«ለአየር ይህን ያህል? አየር እኮ በነፃ ነው።»

እጄ ያኔ ወደ ጥግ ሄደ።
ልጄ ያደገችበት ፍራሽ ነበር፣ ጎኑን አይጥ የበላው፤
ለካሁ፣ ቆረጥኩ፣ ከተትኩ።
ልክክ አለ።
ያታለለኝ ልክክ ማለቱ ነው።
«በቃ፣ ይሄ ይይዝልሃል» አልኩት፤
አመነኝ፤
መርቆኝ፣ በተስማማነው ላይ ሃምሳ ብር ጨምሮልኝ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ተርታው ጠመመ።
ከጋራዤ ደጃፍ ሆኜ አየሁት፤
ትራክተሩ ሽምብራውን እየደፈጠጠ ወደ ቦዩ ወረደ፣
ሞተሩ ሳይጠፋ ቆመ።
ሮጥኩ። በሩን ስከፍት ነጭ ሽንኩርቱ ፊቴን መታኝ።
ላቡ በሸሚዙ፣ ምራቁ በአገጩ፣
የዓይኑ ብሌን ጠቦ፣ የመርፌ ጫፍ አክሎ፤
«መሸ እንዴ?» አለኝ፣ «መብራት አብራልኝ።»
ፀሐይ ገና አናት ላይ ነበረች።

ጤና ጣቢያ። ሲስተር ብርቄ እጅጌዋን ሰብስባ፦
«ምን ጠጣ?»
«አልጠጣም።»
«ምን በላ ታዲያ?»
«አልበላም፣ ሲስተር። ተነፈሰ።»
በእኔ ሙያ ይህ ቃል የጎማ ነው፤
አየር ሲወጣ ነው ተነፈሰ የምንለው።
እዚያ አልጋ ላይ ግን ሰው፣
አየር ገብቶበት ተንፍሶ አየሁ።

መርፌውን ደጋገመችለት። ሊነጋ ሲል ብሌኑ ሰፋ፤
አወቀኝ።
ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ጋሽ ገመዳ በሳምንቱ መጡ፤
በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛዬ ላይ አኑረው፣
ዋጋውን ሳይናገሩ ወጡ።
ከሰሉን ገጠምኩ፤ የበሩን ላስቲክ ቀየርኩ፤
የገባበትን ቀን በቀለም ጻፍኩበት፣
ዕድሜው ሲያልቅ ቀኑ እንዲጮህበት።
አሁን ማንም ትራክተር ሳይወጣ በፊት
ካቢኑ ውስጥ ተዘግቼ እቀመጣለሁ፤
ልጄ ከውጭ ሽቶዋን እየረጨች ትዞራለች፣
«ሸተተህ?» ትለኛለች በመስታወቱ።
ከሸተተኝ፣ እንደገና እፈታለሁ።

ነገዎ ተመልሷል፤ ተርታው ቀጥ ብሏል፤
ፉጨቱ ግን የለም፣ መሀል ላይ ያስለዋል።

ስፖንጁን አልጣልኩትም፤ በሩ ላይ፣ ምስማር ላይ አለ።
ደንበኛ መጥቶ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ካለ፣
«ልክክ ብሎ ነበር» እለዋለሁ፤
ሌላ አልጨምርም።